ጭሱን እያዩ መቀመጥ
(ስለ ዕለት ተዕለት መሪነት የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አድማጮች፣ እንደምን ዋላችሁ። አዘጋጆቹ ስለ መሪነት እንድናገር ሲጋብዙኝ የጦር አዛዦችን፣ የፕሬዚዳንቶችንና የትልልቅ ኩባንያ ባለቤቶችን ስም እየጠራሁ እንድውል ጠብቀው ይሆናል። ለእነሱ ሌላ ቀን አይጠፋም። እኔ የምጀምረው መጠይቅ ሊሞላ ወደ አንድ ክፍል ከገባ ተማሪ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 ቢብ ላታኔ እና ጆን ዳርሊ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የአንድ ሙከራ ውጤት አሳተሙ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠርተው ክፍል ውስጥ አስቀመጧቸውና መጠይቅ ሰጧቸው። ተማሪው ጥቂት እንደሞላ በግድግዳው ላይ ካለች አየር ማስገቢያ ጭስ ይገባ ጀመር። ጭሱ አላቋረጠም፤ እየቆየ ክፍሉን ሞልቶ ዕይታን እስከ ማደብዘዝ ደረሰ። ብቻቸውን ከተቀመጡት ከመቶ 75ቱ ተነስተው ወጡና ለሰው ተናገሩ። በሌላ ዙር ደግሞ ተማሪው አጠገብ ሁለት ሰዎች ተቀመጡ። ሁለቱ ምንም እንዳላዩ እንዲሆኑ በተመራማሪዎቹ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። በዚህኛው ዙር ከ10 ተማሪዎች ተነስቶ የተናገረው 1 ብቻ ነበር። የቀሩት ዘጠኙ ጭሱን በእጃቸው እያራገቡ፣ ዓይናቸውን እያሹ፣ እየሳሉ መጠይቁን መሙላት ቀጠሉ።

ይበልጥ የሚገርመኝ በኋላ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ነው። አንዱ እንፋሎት ነው አለ፤ ሌላው የአየር ማቀዝቀዣው ያመጣው ነው አለ። እውነት የሚያናግር ጋዝ የለቀቁብን መስሎን ነበር ያሉም አልጠፉም። እሳት ሊሆን ይችላል ብሎ የቆየ ግን ከመካከላቸው አልተገኘም። ሰው በሌሎች ፊት ላለማፈር ሲል አእምሮው ጭሱን እንፋሎት አድርጎ ያሳየዋል ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም፤ ቅጠሉን ማን ያምጣ የሚለው ላይ ስንደርስ ግን እንተያያለን።

እንግዲህ ዛሬ መሪ ስል ያንን ከአሥሩ አንዱን ማለቴ ነው። ሥልጣን አልነበረውም። ከሌሎቹ የተለየ እውቀትም አልነበረውም፤ ጭሱን ሁሉም እኩል አይተውታል። ጎበዝ ተናጋሪ ይሁን ዓይን አፋር ማንም አልመዘገበውም። ከወንበሩ ተነስቶ ያየውን ተናገረ፤ በቃ።

ይህን ሙከራ የሚጠቅሱ ተናጋሪዎች ብዙውን ጊዜ “ሰው ጨክኗል፣ ማንም ለማንም አይደርስም” ወደሚል ለቅሶ ይሻገራሉ። እኔ በዚያ መንገድ አልሄድም፤ ማስረጃውም አይፈቅድልኝም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በአምስተርዳም፣ በላንካስተርና በኬፕታውን ጎዳናዎች ላይ በጥበቃ ካሜራ የተቀረጹ 219 ግጭቶችን መርምሮ፣ ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ መንገደኛ ጣልቃ መግባቱን አሳይቷል። እንዲያውም ሰው በበዛ ቁጥር የሚደርስ ሰው የመገኘቱ ዕድል ከፍ ይላል። ልዩነቱ ከምን መጣ? ጠብ የሚያይ ሰው የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ጭስ ግን ያጠራጥራል።

የእኛም መከራ አብዛኛው እንደ ጎዳና ጠብ ፊት ለፊት አይመጣም። የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ለተከታታይ ወራት አልገጥም ይላል። ሳቂታ የነበረ ባልደረባ በምሳ ሰዓት ብቻውን መቀመጥ ይጀምራል። ማኅበሩ ስብሰባ በጠራ ቁጥር ባዶ ወንበር ይበዛል። አባት የወሰዱትን መድኃኒት ረስተው በዚያው ቀን ደግመው መውሰዳቸውን ልጆች ሁሉ አስተውለዋል፤ ታላቁ ታናሺቱ የምትነግራቸው ይመስለዋል፣ ታናሺቱ ደግሞ ታላቁን ትጠብቃለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ከማንም መፍትሔ አይጠበቅም። የሚጠበቀው የታየውን ነገር በስሙ መጥራት ነው። ሲነገር ይቀላል። ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት አንድ ጭጋጋማ የአውሮፕላን ማረፊያ ላሳያችሁ።

እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔን ግዛት በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በአንድ ማኮብኮቢያ ላይ ነበሩ፤ አንደኛው የሆላንዱ ኬኤልኤም፣ ሁለተኛው የአሜሪካው ፓን አም። ጭጋጉ እርስ በርስ እንዳይተያዩ ከልሏቸዋል። የኬኤልኤሙ ካፒቴን በአየር መንገዱ እጅግ የተከበረ፣ ሌሎች አብራሪዎችን የሚያሠለጥን ሰው ነው። ለመነሳት የሞተሩን ኃይል መጨመር ሲጀምር ረዳት አብራሪው ፈቃድ ገና እንዳልተሰጣቸው አሳሰበው። ካፒቴኑም አውቃለሁ፣ ጠይቅ አለው። ረዳቱ በሬዲዮ እየተነጋገረ ሳለ ካፒቴኑ የመነሳት ፈቃድ ሳይሰጠው አውሮፕላኑን ወደ ፊት ለቀቀው። ረዳቱ በዚህ ጊዜ አልተቃወመም። ከኋላ የተቀመጠው የበረራ መሐንዲስ ግን ፓን አም ከማኮብኮቢያው ገና እንዳልወጣ የሚጠቁም ንግግር በሬዲዮ ሰምቷልና፣ ያ አውሮፕላን አልወጣም ወይ ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ አዎን፣ ወጥቷል ሲል በእርግጠኝነት መለሰ። መሐንዲሱ ዝም አለ። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ አውሮፕላኖቹ ተጋጩ፤ 583 ሰዎች አለቁ።

መርማሪዎች ብዙ ምክንያት ዘርዝረዋል። ጭጋጉ ነበር፤ በሬዲዮ ላይ ተደራርበው እርስ በርስ የተሸፋፈኑ ንግግሮች ነበሩ፤ የበረራ ሠራተኞች የሥራ ሰዓት ገደብ ያመጣው ጥድፊያም ነበር። እኔ ደጋግሜ የማስበው በዚያች ጠባብ ክፍል ስለነበሩት ሁለት የበታቾች ነው። ሁለቱም ፈሪ ነበሩ ማለት አይቻልም፤ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ተናግረዋል። ነገር ግን ረዳቱ ሲናገር መሐንዲሱ አልደገፈውም፤ መሐንዲሱ ሲጠይቅ ረዳቱ አልደገፈውም። የመሐንዲሱም ቃል በጥያቄ መልክ የቀረበ ነበር፤ ጥያቄን ደግሞ አዎን ወይም አይ ብሎ መዝጋት ለአለቃ ቀላል ነው። “ማኮብኮቢያው ነጻ መሆኑን አላረጋገጥንም፣ እናቁም” የሚል ቃል እንዲያ በቀላሉ አይዘጋም።

ከዚህ አደጋና ከመሰሎቹ በኋላ የአቪዬሽኑ ዓለም ሥልጠናውን ቀየረ። የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1979 ባዘጋጀው ዓውደ ጥናት የተጀመረው አሠራር ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሰጣል። የበታቹ ሠራተኛ አለቃውን በስሙ ወይም በማዕረጉ ጠርቶ፣ የሚያሳስበውን ተናግሮ፣ ችግሩን ገልጾ፣ ምን ይደረግ እንደሚል አቅርቦ፣ ትስማማለህ ወይ ብሎ እንዲጠይቅ ይሠለጥናል። ካልተሰማ ይደግማል። አለቃውም ለመስማት ይሠለጥናል፤ ይህኛው ክፍል ሳይከብድ አይቀርም። እኛ ዝም አይነቅዝም እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ያ ተረት ለሐሜት ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ለማኮብኮቢያ ግን አይሆንም።

ስለ ሁለተኛው ሰው ትንሽ ልቆይ፤ በመሪነት ንግግሮች ሁሉ የሚረሳው እሱ ነውና። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ የሐሳብ ምሳሌ አቅርቦ ነበር። አደባባይ ላይ 100 ሰዎች ቆመዋል እንበል። አንደኛው ማንንም ሳይጠብቅ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛው አንድ ሰው ካየ ይከተላል፤ ሦስተኛው ሁለት ሰው ካየ፣ አራተኛው ሦስት ካየ፤ እንዲህ እያለ የመጨረሻው 99 ሰዎች ካየ ይነሳል። በዚህ አደባባይ መቶውም ይነቃነቃሉ። አሁን አንድ ነገር ብቻ እንቀይር፤ አንድ ሰው ካየሁ እከተላለሁ ያለው ሰውዬ ሐሳቡን ለውጦ ሁለት ካላየሁ አልነቃነቅም ይበል። የመጀመሪያው ሰው ብቻውን ቆሞ ይቀራል። 99ኙ ከቦታቸው ፈቀቅ አይሉም። ሁለቱን አደባባዮች ከሩቅ ያየ ሰው አንዱን ሕዝብ ጀግና፣ ሌላውን ፈሪ ብሎ ይጽፋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን የአንድ ሰው አቋም ነው። የግራኖቬተር ምሳሌ ስለ ብጥብጥ የተነገረ ነበር፤ ለበጎ ነገርም እኩል ይሠራል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰሎሞን አሽ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያደረጋቸው ሙከራዎች ይደግፉታል። በርዝመታቸው በግልጽ የሚለያዩ መስመሮችን እያሳየ ሲጠይቅ፣ ዙሪያውን ያሉት ሁሉ ተስማምተው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ የተጠያቂው መልስ ሲሶ በሚሆነው ጊዜ አብሮ ይሳሳት ነበር። ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን ሲናገር ግን ስህተቱ ወደ ከመቶ 5 ገደማ ወረደ። አንድ ሰው ይበቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ለመነሳት ድፍረት ያጠረው ሰው አይዘን። ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ፊቱ እየቀላ የማይወደድ ነገር ሲናገር፣ “እሱ ያለውን እኔም አይቻለሁ” ማለት ይችላል። እኔ በበኩሌ ለዚህ ሰው የመሪነት ማዕረግ ለመስጠት አላመነታም።

እስካሁን ያወራሁት ድንገት ስለሚመጣ ችግር ነው። ሰንብቶ፣ አድክሞ፣ ተስፋ አስቆርጦ ስለሚያስተኛው ችግርስ?

ማርቲን ሴሊግማን እና ስቲቨን ማየር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በውሾች ላይ ያደረጉት ሙከራ አለ። ዛሬ ቢሆን የሚፈቅድላቸው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ውሾቹ ሊያስቆሙት የማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲደርስባቸው ተደረገ። በኋላ ዝቅተኛ አጥር ባለበት ሳጥን ውስጥ ገቡ፤ አጥሩን ቢዘሉ ከንዝረቱ ያመልጣሉ። ብዙዎቹ አልዘለሉም፤ ተኝተው ያለቃቅሱ ነበር። ተመራማሪዎቹ አጥሩን አነሱላቸው፤ አልተንቀሳቀሱም። በወዲያኛው በኩል ምግብ አስቀመጡላቸው፤ አልተንቀሳቀሱም። በመጨረሻ ያዋጣው አንገታቸው ላይ ገመድ አስሮ ወደ ወዲያኛው ጎትቶ ማሻገር ነበር፤ ያውም አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ። ገመዱ በመጀመሪያ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ እየተደጋገመ ሲሄድ ይቀላል፤ ከዚያ ውሻው ራሱ ይሻገራል።

ሁለቱ ሰዎች ይህን ውጤት ሲተረጉሙ እንስሳው አቅመ ቢስነትን ተምሯል አሉ፤ ዓለምም ይህን ተቀብሎ ለአሥርት ዓመታት አስተማረው። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን በአንጎል ላይ የተደረጉ አዳዲስ ምርምሮችን ይዘው የራሳቸውን ንድፈ ሐሳብ ገለበጡት። ለረጅም መከራ እጅ ሰጥቶ መተኛት ማንም ሳያስተምረው የሚመጣ የአንጎል ምላሽ ነው አሉ። በትምህርት የሚገኘው ተቃራኒው ነው፤ የማደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል የሚለውን አንጎል የሚማረው ለውጡን ሲያይ ነው። ሊቃውንት ስማቸውን የሠራላቸውን ሐሳብ በገዛ እጃቸው ሲያርሙ ማየት ብርቅ ነውና፣ ስለ ሙከራው ያለኝን ቅሬታ ሳልረሳ በዚህ አከብራቸዋለሁ።

ከዚህ የምወስደው ነገር አለ። መከራ ያስተኛውን ሰው፣ ራሳችንንም ቢሆን፣ “በርታ፣ ተስፋ አትቁረጥ” እያልን የምናደርቀው አጥሩን አንስተን ውሻውን እንደ መጥራት ነው። የሚያስፈልገው በእጅ የሚሠራና ውጤቱ ዛሬውኑ የሚታይ ትንሽ ሥራ ነው። ሥራ ያጣ ሰው ማመልከቻዎቹን ሁሉ በአንድ ቀን ይጻፍ አይባልም፤ አብረነው ተቀምጠን አንዷን ጽፎ ይላካት። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ሕይወቷን እንድታስተካክል አይጠየቅም፤ ደጅ ድረስ አብረናት እንውጣ።

በዚህ ነገር ከአንድ እንግሊዛዊ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ፍራንክ ዋይልድ ይባላል። የእርነስት ሻክልተን የአንታርክቲካ ጉዞ ኢንዱራንስ የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በ1915 በበረዶ ተሰባብራ ስትሰምጥ ከሸፈ። ሰዎቹ በበረዶ ላይና በጀልባ ተንከራትተው በኤፕሪል 1916 ኤሌፋንት ደሴት ደረሱ። ሻክልተን አምስት ሰዎች ይዞ በትንሽ ጀልባ እርዳታ ፍለጋ ውቅያኖሱን ሊያቋርጥ ሄደ። ታሪክ የሚያወራው እሱን ነው፤ ይገባዋልም። በደሴቱ የቀሩት 22 ሰዎች ግን የዋይልድ ድርሻ ነበሩ። ሁለት ጀልባዎች ገልብጠው በድንጋይ ካብ ላይ ደፏቸው፤ ከሥራቸው ተጣበው ተኙ። የሚያነዱት የእንስሳ ስብ ጭስ ሁሉንም አጠቆራቸው። የአንድ ወጣት መርከበኛ የእግር ጣቶች በውርጭ ሞተው ስለነበር፣ ሐኪሞቹ እዚያው ጀልባ ሥር ቆረጧቸው።

ዋይልድ በየማለዳው አየሩ የሚፈቅድ ሲሆን የመኝታ ከረጢታችሁን ጠቅልሉ፣ አለቃችን ዛሬ ሊመጣ ይችላል ይላቸው ነበር። ሻክልተን ግን ዛሬም አልመጣም፣ ነገም አልመጣም፤ ሦስት ጊዜ ሊደርስላቸው ሞክሮ በረዶው መለሰው። ዋይልድ የሚያዝዘውን ልብ በሉልኝ፤ ተስፋ አድርጉ ብቻ አላለም፤ ጠቅልሉ አለ። ጠዋት ከረጢቱን የጠቀለለ ሰው በዚያች ቀን አንድ ነገር ጀምሮ የፈጸመ ሰው ነው። ኦገስት 30 ቀን 1916 የቺሌ መርከብ ዬልቾ ብቅ ስትል 22ቱም በሕይወት ነበሩ።

እርምጃ ሁሉ መራመድ ነው ብላችሁ እንዳትወጡ ደግሞ ስታኒስላቭ ፔትሮቭን አንድ አፍታ ላንሳ። ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 ሌሊት ይህ የሶቪየት መኮንን በተረኛነት ሲከታተለው የነበረው የሳተላይት ሥርዓት አምስት የአሜሪካ ሚሳይሎች መተኮሳቸውን አመለከተ። እሱ ግን ጦርነት በአምስት ሚሳይል አይጀመርም ብሎ አሰበና ለበላዮቹ የመሣሪያ ስህተት ነው ሲል አሳወቀ። በኋላ እንደታወቀው ሳተላይቱን ያሳሳተው ከደመና ላይ የተንጸባረቀ የፀሐይ ብርሃን ነበር። መሣሪያው ሁሉ ሩጥ ሲል እሱ ቆሞ አሰበ።

አሁን በእጅ ወደሚሠራ ነገር ልመለስ፤ የመጀመሪያ እርዳታ አሠልጣኞች ከሁላችንም የተሻለ የመሪነት መምህራን ይመስሉኛል። ሰው መንገድ ላይ ወድቋል፤ አይሰማም፣ ደኅና አድርጎም አይተነፍስም። ልቡ ከቆመ ደረቱ ሳይጫን በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከመቶ 7 እስከ 10 ያህል ይቀንሳል። ዙሪያውን ሰው ከቧል። “ኧረ አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ!” የሚል ጩኸት ይሰማል፤ አንድ ሰው የሚባል ስም ያለው ግን የለምና ማንም ስልኩን አያነሳም። አሠልጣኞቹ የሚሉት እንዲህ ነው፤ በጣት አመልክቱ፣ ዓይኑን እያያችሁ ተናገሩ። “እርስዎ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሱት፣ አምቡላንስ ይጥሩና ተመልሰው ይንገሩኝ።” “አንተ ልጅ፣ መንገዱ ላይ ቁምና አምቡላንሱን ምራ።” ከዚያ በደረቱ መሐል ላይ መዳፍ በመዳፍ ደርቦ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲገባ አድርጎ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ደግሞ ለሌላ ሰው መልቀቅ፤ ክንድ ይደክማል፣ የደከመ ክንድ ደግሞ ራሱ ሳያውቀው ይሰንፋል። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ መልቀቅን በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ አለቆች ሁሉ ቢሠለጥኑበት ደስ ይለኝ ነበር።

ንግግሬን እዚህ አቁሜ ጥያቄ ስቀበል ከኋላ ወንበር አንዲት ወጣት “ተነስቼ ማንም ባይከተለኝስ?” ብላ ጠየቀችኝ። የሰጠኋትን መልስ እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ማንም የማይከተልበት ጊዜ አለ፤ ይህን ልሸፍንልሽ አልፈልግም። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ከተማ፣ ማርች 2 ቀን 1955 ክላውዴት ኮልቪን የተባለች የ15 ዓመት ጥቁር ተማሪ የአውቶቡስ መቀመጫዋን ለነጭ ተሳፋሪ አለቅም በማለቷ ታሰረች። በአውቶቡስ ያለመሳፈር አድማ አልተጠራም። የከተማዋ የመብት ታጋዮች በእሷ ጉዳይ ሕዝብ ለማነሳሳት አመነቱና ተዉት። ሮዛ ፓርክስ በተመሳሳይ ምክንያት የታሰረችው ከዘጠኝ ወራት በኋላ፣ ዲሴምበር 1 ቀን ነው። በዚያው ሌሊት ጆ አን ሮቢንሰን የተባለች የኮሌጅ መምህርት ከአንድ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር በኮሌጁ ማባዣ ማሽን የአድማ ጥሪ በአሥር ሺዎች ስታባዛ አደረች። ሮቢንሰን ለከተማዋ ከንቲባ የአውቶቡስ አድማ ሊመጣ ይችላል ብላ ደብዳቤ የጻፈችው ግን ከዚያ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት፣ በሜይ 1954 ነበር። ወረቀቱን በአንድ ሌሊት ለማዳረስ የቻለችው አስቀድማ ስላሰበችበት ነው። አድማው 381 ቀናት ቆየ።

በአውቶቡስ ላይ የነበረውን የዘር ክፍፍል በሕግ ያፈረሰው ክስ ግን በሮዛ ፓርክስ ስም የቀረበ አልነበረም። ከሳሾቹ ሌሎች አራት ሴቶች ናቸው። ከአራቱ አንዷ ክላውዴት ኮልቪን ነበረች፤ በሜይ 1956 ፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርባ መሰከረች። ያን ጊዜ 16 ዓመቷ ነበር።